ድራም የማይመስለው ድራም

ቤታችሁ ሙዚቃ ለመሥራት የድራም ሶፍትዌር እየመረጣችሁ ነው? መጀመሪያ ይህን ታሪክ ስሙ።

በ1980 እ.ኤ.አ. ሁለት ድራም ማሽኖች ገበያ ወጡ። የሮጀር ሊን ኤልኤም-1 የእውነተኛ ድራም ድምፅ ተቀድቶ የተጫነበት ነው፤ ዋጋው 5,000 ዶላር ገደማ። የሮላንድ ቲአር-808 ደግሞ ድምፁን ራሱ በኤሌክትሮኒክስ ይፈጥራል፤ 1,200 ዶላር ገደማ። “ይሄ ደግሞ ድራም ነው?” ያሉት ብዙ ነበሩ፤ በ1983 ምርቱ ቆመ።

ያገለገለው በርካሽ ሲሸጥ ግን ኪሳቸው የሳሳ የሂፕሆፕ ወጣቶች ገዙት። ያ የተናቀ ድምፅ የዘመኑ ድምፅ ሆነ፤ ዛሬ ብዙ ሶፍትዌሮች ይዘውት ይመጣሉ።

ስለዚህ “እውነተኛ ይመስላል ወይ?” ብቻ ብላችሁ ብር አታውጡ። ችክችካ የምትሠሩ ከሆነ “6/8ን በቀላሉ ያስመታኛል ወይ?” በሉ። ድምፁ ይለመዳል፤ ምቱ ካልተመቻችሁ ግን ዘፈኑም አይወጣም።