ስላይድ ከግድግዳ ወደ ተማሪው መሣሪያ፤ ገጹን የሚገልጠው ማን ነው?

በአሁኑ ጊዜ አንድ መምህር ስላይዱን ሲገልጥ፣ በሩቅ ስፍራ የተቀመጠ ተማሪ ያንኑ ገጽ በዚያው ቅጽበት በስልኩ ወይም በኮምፒዩተሩ ላይ ያየዋል። ብዙ ሰዎች ይህን የቅርብ ዘመን ፈጠራ አድርገው ይቈጥሩታል፤ ሐሳቡ ግን ከስድሳ ዓመት የበለጠ ዕድሜ አለው። ከዕድሜውም ይልቅ ልናስተውለው የሚገባን፣ ገጹን የመግለጥ ሥልጣን የማን ነው የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው አንሥቶ አብሮት መኖሩን ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው።

በመስተዋት ላይ የተሣለውን ሥዕል በብርሃን ኀይል ግድግዳ ላይ አጉልቶ የሚያሳየው ፋኖስ፣ ሆላንዳዊው ሊቅ ክርስቲያን ሁይገንስ በ1659 ከሠራው መሣሪያ ይጀምራል። ከዚያ ወዲህ መሣሪያው እየተሻሻለ ቢሄድም ሥርዐቱ ለብዙ ዘመን አልተለወጠም። ግድግዳው አንድ፣ ተመልካቹ ብዙ ነው፤ ሥዕሉን የሚለውጠው ግን ባለፋኖሱ ብቻ ነው። አንዱ ሥዕል ሳይገባው ያለፈበት ተማሪ በራሱ ፈቃድ ወደ ኋላ መመለስ አይችልም።

በ1960 በአሜሪካ በኢሊኖይ ዩኒቨርሲቲ ዶናልድ ቢትዘርና ባልደረቦቹ ፕላቶ የተባለውን የማስተማሪያ ኮምፒዩተር ሲጀምሩ ይህ ሥርዐት ተገለበጠ። ስላይዱ የሚታየው በተማሪው ፊት በተቀመጠ የቴሌቪዥን መስኮት ላይ ሲሆን፣ ወደ ፊት ለመቀጠልም ሆነ ወደ ኋላ ለመመለስ ቁልፉን የሚጫነው ተማሪው ራሱ ነበር። በ1961 የተሠራው ሁለተኛው ፕላቶ ሁለት ተማሪዎችን በአንድ ጊዜ ያስተናግድ ነበር፤ አንዱ ቢፈጥን ሌላው ቢዘገይ፣ አንዱ ሌላውን ለመጠበቅ አይገደድም። ይሁን እንጂ እያንዳንዱ በየራሱ ገጽ ላይ ስለሚገኝ፣ አንዱን ነገር በአንድነት እያዩ የመወያየቱ ጥቅም ቀረ።

አብሮ ማየትን በግልጽ ያሳየው ሌላ ሙከራ ነው። ዳግላስ ኤንግልባርት በዲሴምበር 9 ቀን 1968 በሳን ፍራንሲስኮ ከተማ በባለሙያዎች ጉባኤ ፊት ቀርቦ፣ 48 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ በሜንሎ ፓርክ ከነበረው ባልደረባው ከቢል ፓክስተን ጋር አንድ ጽሑፍ በሁለት መስኮቶች ላይ እያየ በድምፅ ተነጋገረ። ፓክስተን በምልክቱ ማመልከት ይችል ነበር፤ ጽሑፉን የመለወጥ መብት ግን ለኤንግልባርት ተጠብቆ ነበር። እንግዲህ መስኮቱ ሁለት ቢሆንም ሥልጣኑ አንድ እንደ ነበረ እናያለን።

በ1987 ፓወርፖይንት ለገበያ ሲቀርብ፣ መጀመሪያ የታሰበው በግድግዳ ላይ የሚታዩ ግልጥ ወረቀቶችን ለማዘጋጀት ነበር። በ1996 ማይክሮሶፍት ያወጣው ኔትሚቲንግ ደግሞ አንድ ሰው በኮምፒዩተሩ የሚሠራውን ሥራ ሌሎች በኢንተርኔት እንዲያዩት አስቻለ።

ዛሬ ስላይድን ለብዙ መሣሪያዎች ለማካፈል ሁለት ዋና መንገዶች አሉ። አንደኛው የአቅራቢውን መስኮት ምስል ያለማቋረጥ መላክ ነው። 1920 በ1080 ነጥብ የሆነ አንድ ምስል፣ ለያንዳንዱ ነጥብ ሦስት ባይት ቢታሰብለት፣ ሳይታመቅ 6,220,800 ባይት ይሆናል። ቢታመቅ እጅግ ያንሳል፤ ቢሆንም መስመሩ ደካማ ሲሆን ፊደሉ ይደበዝዛል ወይም ምስሉ ይቆማል። ሁለተኛው መንገድ ስላይዶቹን አስቀድሞ ወደየመሣሪያው ልኮ፣ በትምህርቱ ሰዓት የገጹን ቍጥር ብቻ ማስተላለፍ ነው። ለዚህ ጥቂት ባይት ይበቃል።

ልዩነቱ የቴክኒክ ብቻ አይደለም። በመጀመሪያው መንገድ ተማሪው በእጁ የያዘው የግል መሣሪያ ወደ አሮጌው ግድግዳ ይለወጥበታል። በሁለተኛው ግን ገጾቹ አስቀድመው በእጁ ስለ ገቡ፣ መምህሩን እየተከተለ ያልገባውን ገጽ መለስ ብሎ ሊያይ፣ ከዚያም ከጉባኤው ጋር ሊቀላቀል ይችላል፤ ይህም የፕላቶን ነፃነትና የኤንግልባርትን አንድነት ያስታርቃል።

መምህሩ ገጹን መምራቱ ተገቢ ነው፤ መሪ የሌለው ውይይት ይበተናልና። ተማሪው ወደ ኋላ እንዳይመለስ መከልከል ግን የመሣሪያው ግዴታ ሳይሆን የሰው ምርጫ ነው። ስለዚህ አንድ የትምህርት ቤት እንዲህ ያለውን መሣሪያ ሲመርጥ፣ ሥዕሉ ምን ያህል ጥራት አለው ብሎ ከመጠየቁ በፊት፣ ገጹን ማን ሊገልጥ ይችላል ብሎ ቢጠይቅ ይበጀዋል።