ከኢየሩሳሌም የሄዱት 40 ልጆችና የዋልያስ ባንድ

በዛሬው ዝግጅታችን ስለ ሙዚቃ ታሪክ እንጨዋወታለን። ርእሱ የመዝናኛ ብቻ ቢመስልም የቤታችሁን ጉዳይ ይነካል። የማኅበራዊ ጉዳይ ሠራተኛ እንደ መሆኔ በቃታሞኒም ከቤተሰቦች ጋር ስነጋገር ደጋግሜ የምሰማው ነገር አለ። ወላጆች «ልጆቻችን በእኛ ዘፈን ያፍራሉ፣ የውጭውን ብቻ ይወዳሉ» ይላሉ። ልጆች ደግሞ «የእናንተ ያረጀ ነው፣ የእኛ ዘመናዊ ነው» ብለው ይመልሳሉ። ይህን ታሪክ ሁለቱም ወገኖች አብረው ቢሰሙት መልካም ነው። ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ብዙዎቻችሁ ዋልያስ ባንድን ታውቁታላችሁ። ባንዱ በ1977 «ቼ በለው» የተባለውን ሸክላ አወጣ። በመሣሪያ ብቻ የተቀነባበረ ሥራ ነው። ጆሮ ሰጥታችሁ ብታዳምጡት ግን በአንድ ሸክላ ላይ የብዙ አገር ድምፅ ታገኛላችሁ። የትንፋሽ መሣሪያው አንድ ታሪክ አለው፣ ኦርጋኑና ጊታሩ ሌላ፣ ቅኝቱ ደግሞ የራሱ።

ከትንፋሽ መሣሪያው እንጀምር። የዚህ ታሪክ አንዱ ሥር ያለው እዚሁ በምንኖርበት ከተማ ነው። በ1924 ራስ ተፈሪ መኮንን፣ ኋላ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ የተባሉት፣ ወደ አውሮፓ ሲጓዙ ኢየሩሳሌምን ጎበኙ። በአሮጌው ከተማ፣ በአርመን ገዳም፣ ከ1915ቱ እልቂት የተረፉ ወላጅ አልባ ልጆች ይኖሩ ነበር። ራስ ተፈሪ ልጆቹ በማርሽ ባንድ ሲጫወቱ ሰምተው ተደነቁ። ፓትርያርኩን አስፈቅደው 40ዎቹን ልጆች ወደ አዲስ አበባ ወሰዷቸው። በታሪክም «አርባ ልጆች» እየተባሉ ይጠራሉ። መሪያቸው ሙሴ ኬቮርክ ናልባንዲያን ነበሩ። እስከ ንጉሡ ዘመን ፍጻሜ ድረስ የተዘመረውን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሱትም እሳቸው ናቸው። አስቡት፤ ወላጅና አገር ያጡ ስደተኛ ልጆች መጥተው ለተቀበላቸው አገር ዘመናዊ ሙዚቃ መሠረት ከጣሉት መካከል ሆኑ።

የኬቮርክ ዘመድ ነርሲስ ናልባንዲያን ሥራውን ቀጠሉ። በ1955 በተከፈተው በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴያትር የኢትዮጵያን ዜማ ለትልቅ ኦርኬስትራ ያቀናብሩ ነበር። የክቡር ዘበኛ፣ የፖሊስና የምድር ጦር ባንዶችም በዚያው ዘመን አደጉ። ጥላሁን ገሠሠና ማሕሙድ አሕመድ በክቡር ዘበኛ ባንድ የዘፈኑ ናቸው።

ሁለተኛው ምንጭ አሜሪካ ነው። አስመራ በነበረው የቃኘው ጦር ሰፈር አሜሪካኖች የራሳቸው ሬዲዮ ነበራቸው። ከ1962 ጀምሮም የሰላም ጓድ ወጣቶች ወደ ኢትዮጵያ ገቡ። በዚህ ሁሉ የጥቁር አሜሪካውያን ሶልና የሮክ ጊታር ከወጣቱ ጆሮ ደረሰ። ዓለማየሁ እሸቴ የጄምስ ብራውንን ስልት በአማርኛ አመጣ። ሙላቱ አስታጥቄም ለንደን፣ ቦስተንና ኒውዮርክ የቀሰመውን ጃዝ ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሦስተኛው ምንጭ አዝማሪው ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺ ሆዬ የሚባሉት ቅኝቶች እያንዳንዳቸው በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው። የዋልያስ ልጆች ኦርጋን ሲያነሡ መሲንቆውና ክራሩ የሚያወጡትን ቅኝት አልጣሉም። በእንግዳው መሣሪያ የአገራቸውን ዜማ ተጫወቱበት። ጄምስ ብራውንን ብቻ ቢቀዱ ኖሮ፣ ዋናው እያለ ቅጂውን ማን ይፈልግ ነበር? የእንግሊዞቹ ሮሊንግ ስቶንስም ቢሆኑ የጥቁር አሜሪካውያንን ብሉዝ በማጥናት ነው የጀመሩት። ከሌላ መማር የሚያሳፍር ነገር የለውም።

ጊዜው ግን ቀላል አልነበረም። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ ስለ ነበር የምሽት ቤት የገባ ሰው እስኪነጋ እዚያው ያድር ነበር፤ ባንዱም አብሮ ያነጋል። የዘፈን ግጥም በሳንሱር ያልፍ ነበር። በ1981 ዋልያስ ለሙዚቃ ዝግጅት ወደ አሜሪካ ሲሄድ ከአባላቱ የተወሰኑት እዚያው ቀሩ። የኦርጋን ተጫዋቹ ኃይሉ መርጊያ በዋሽንግተን ለብዙ ዓመት ታክሲ ነዳ። ኪቦርዱን ግን ከመኪናው ኋላ ይዞ ይዞር ነበር፤ ተሳፋሪ በጠፋ ጊዜ ይለማመዳል። በ1985 የሠራው ካሴት በ2013 እንደገና ሲታተም የዓለም አድማጭ አገኘ፤ እሱም ወደ መድረክ ተመለሰ።

ለዚህ ነገር ሩቅ መሄድ አያሻንም። በዚሁ በኢየሩሳሌም፣ በኢትዮጵያ መንገድ ባለው የደብረ ገነት ገዳም፣ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ2023 እስኪያርፉ ድረስ ኖረዋል። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ በኋላም ካይሮ የተማሩትን የአውሮፓ ሙዚቃ ከአገራቸው ዜማ ጋር በፒያኖ አዋሐዱት። በ1985 በቂርያት አርባዕ የተወለደችው አስቴር ራዳም ሶልን ከኢትዮጵያ ጃዝ ጋር ታዜማለች።

እንግዲህ፣ ውድ ወላጆች፣ ልጃችሁ ጊታር ወይም ከበሮ መማር ቢፈልግ «የእኛ አይደለም» ብላችሁ አትከልክሉት። በመትናስ የሙዚቃ ሑግ እንዳለ ጠይቁ። ዜማውን ግን እናንተ ስጡት፤ ይህን የሚያስተምረው ሌላ ሰው አያገኝም። እናንተም ልጆች፣ አባታችሁ የሚያዳምጠውን «ያረጀ» ከማለታችሁ በፊት «ቼ በለው»ን በስልካችሁ ፈልጋችሁ አብራችሁ ስሙት። እናንተ የመሣሪያዎቹን ስም ንገሩት፣ እሱ ደግሞ ቅኝቱን ይንገራችሁ። ከዚያ በኋላ የቱ ዘመናዊ፣ የቱ የድሮ እንደ ሆነ አብራችሁ ተከራከሩ።