ከኢሊሶስ ወንዝ ማዶ ያለው የአቴና ስታዲየም

ከክርስቶስ ልደት በፊት በ330 ዓመት ግድም የአቴናን ግምጃ ቤት ያስተዳድር የነበረው ሊኩርጎስ፣ በከተማይቱ ታላቅ በዓል ሯጮች የሚሽቀዳደሙበትን ሜዳ ሊያበጅ በወደደ ጊዜ፣ ከኢሊሶስ ወንዝ ማዶ በሁለት ኮረብቶች መካከል የተኛውን ሸለቆ መረጠ፤ ሕዝቡም ተዳፋቱን እንደ መደብ አድርጎ፣ በዚያ ተቀምጦ ይመለከት ነበር። ከክርስቶስ ልደት በኋላ በ2ኛው ምእት ዓመት ባለጸጋው ሄሮድስ አቲኮስ ስታዲየሙን ከጴንጤሊቆን ተራራ በተፈለጠ ነጭ ዕብነ በረድ አለበሰው፤ በአክሮጶሊስ ላይ ያለው ቤተ መቅደስ ፓርቴኖንም የታነጸው ከዚያው ተራራ ድንጋይ ነውና፣ ሸለቆውና አክሮጶሊስ በአንድ ብርሃን የሚያበሩ ወንድማማቾች ሆኑ። በኋለኛው ዘመን ያ ሁሉ ዕብነ በረድ እየተነቀለ ለኖራ መቃጠሉን ሳስብ ልቤ ያዝናል።

እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1896 የኦሊምፒክ ጨዋታ በታደሰ ጊዜ፣ ሐናጺው አናስታስዮስ ሜታክሳስ፣ ባለጸጋው ጊዮርጊዮስ አቬሮፍ በሰጠው ገንዘብ፣ አዲስ ቅርጽ ከመፈልሰፍ ይልቅ ቁፋሮ የገለጠውን ጥንታዊ መሠረት ተከትሎ በዚያው በጴንጤሊቆን ዕብነ በረድ መልሶ አነጸው። ሜዳው ረዥምና ጠባብ፣ መታጠፊያውም እጅግ የጠበበ ስለሆነ ሯጮች ተቸግረዋል፤ እኔ ግን ይህን ለሸለቆው ታማኝ ሆኖ ለመኖር የተከፈለ ተገቢ ዋጋ አድርጌ እቈጥረዋለሁ፤ የማራቶኑ ድል አድራጊ ስፒሪዶን ሉዊስ ከማራቶን መንደር ተነሥቶ ሲደርስ የተቀበሉት የአገሩ ሰዎች፣ አባቶቻቸው በተቀመጡበት በዚያው ተዳፋት ላይ ነበሩና።