የድድ በሽታና የማዕድን ጨው
የፖታሲየም ሐሳብ እንዴት እንደ ተነሣና እንዴት እንደ ወደቀ

ድድ አብጦ ሲደማ፥ ጥርስም ሲነቃነቅ፥ ምክንያቱ ከምግብ ውስጥ የአንድ ነገር መጉደል ሊሆን እንደሚችል ሐኪሞች ከብዙ ዘመን ጀምሮ ጠርጥረዋል። የሚጐድለው ነገር ምን እንደ ሆነ ለማወቅ ግን ረዥም ጊዜ ፈጅቷል። በዚህ መካከል ከተነሡት ሐሳቦች አንዱ፥ የሚጐድለው ፖታሲየም የተባለው ማዕድን ነው የሚለው ነበር። የዚህ አጭር ጽሑፍ ዓላማ ይህ ሐሳብ በ19ኛው መቶ ዓመት በብሪታንያ እንዴት እንደ ተነሣና ለምን እንደ ወደቀ መርምሮ፥ ለዛሬው ተመራማሪ የሚሆነውን ትምህርት ማመልከት ነው። በጽሑፉ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

በሽታው ስኩርቪ ይባላል። ለብዙ ወራት በባሕር ላይ ደረቅ ብስኩትና በጨው የተዘፈዘፈ ሥጋ እየበሉ የሚኖሩ መርከበኞች ድዳቸው ያብጥና ይበሰብስ፥ የዳነ ቍስላቸውም እንደገና ይከፈት ነበር፤ ብዙዎችም ይሞቱ ነበር። በ1747 ጄምስ ሊንድ የተባለው የመርከብ ሐኪም፥ ሳልዝበሪ በተባለችው የጦር መርከብ ላይ 12 ሕሙማን መርጦ ሁለት ሁለት አድርጎ ከከፈለ በኋላ ለእያንዳንዱ ጥንድ ልዩ ልዩ መድኃኒት ሰጠ። ከሁሉ ይልቅ ፈጥነው የተሻላቸው ብርቱካንና ሎሚ የበሉት ሁለቱ ነበሩ። ሰልፈሪክ አሲድ ያለበትን መድኃኒት የጠጡትና የተጕመጠመጡበት ደግሞ አፋቸው ከብዙዎቹ ይልቅ ጠርቶ ተገኘ፤ በሽታው ግን አልለቀቃቸውም። የአፍ መጥራትና ከበሽታ መዳን ሁለት ልዩ ልዩ ነገሮች መሆናቸው በዚያን ጊዜ ታየ።

የብሪታንያ ባሕር ኃይል ከ1795 ጀምሮ የሎሚ ጭማቂ ለመርከበኞቹ እንዲታደል ቢያደርግም፥ ጭማቂው በምን ኃይል እንደሚያድን የሚያውቅ አልነበረም። ጥያቄው እንደገና የበረታው ከ1845 ጀምሮ የድንች በሽታ በአየርላንድና በብሪታንያ አዝመራውን ባጠፋ ጊዜ ነው። ድንች ከገበታቸው የታጣባቸው ድኆችና የቀን ሠራተኞች፥ በየብስ ሳሉ በመርከበኞች በሽታ ተያዙ።

በ1848 የለንደኑ ሐኪም አልፍሬድ ባሪንግ ጋሮድ፥ የበሽታው ምክንያት የፖታሲየም መጉደል ነው ሲል ጻፈ። ማስረጃውም እንዲህ ቀላል አልነበረም። ድንችም ሎሚም ፖታሲየም አላቸው፤ ሥጋ በጨው ሲዘፈዘፍ ፖታሲየሙ ወደ ጨው ውሃው ይወጣል፤ በሕሙማኑም ደም ውስጥ ፖታሲየም አንሶ እንደ ተገኘ ጋሮድ ገለጸ። የሚያድኑት ምግቦች ማዕድኑ የበዛባቸው፥ የማያድኑት ደግሞ ያነሰባቸው መስለው ስለ ታዩ፥ ሐሳቡ ለብዙ ሐኪሞች አሳማኝ ነበር።

ይሁን እንጂ ሐሳቡ በተግባር ሲፈተን አልጸናም። በ1850 የባሕር ኃይሉ ሐኪም አሌክሳንደር ብራይሰን፥ የሎሚ ጭማቂን፥ ሲትሪክ አሲድንና የፖታሲየም ናይትሬትን በማወዳደር ጽሑፍ አወጣ፤ አሲዱም ጨውም የጭማቂውን ያህል አልሠሩም። ከዚህም በላይ የመርከበኞቹ ስንቅ የነበረው ደረቅ አተር በፖታሲየም የበለጸገ ሆኖ ሳለ ከበሽታው አላዳናቸውም።

እውነተኛው መልስ የተገኘው ቆይቶ ነው። በ1907 ሆልስትና ፍሮሊክ የተባሉ የኖርዌይ ሊቃውንት ጊኒ ፒግ የተባሉትን ትናንሽ እንስሳት እህል ብቻ በማብላት በሽታውን አመጡባቸው። በ1932 ደግሞ አልበርት ሴንት ጆርጂ ቀደም ሲል ለይቶት የነበረው አሲድ ቫይታሚን ሲ መሆኑ ታወቀ። ድድን የሚያጠነክሩትና ጥርስን ከመንጋጋ ጋር የሚያያይዙት ጭረቶች የሚሠሩት ኮላጅን ከተባለው ፕሮቲን ነው፤ ያለዚህ ቫይታሚን ደግሞ ሰውነት ጠንካራ ኮላጅን ለመሥራት አይችልም።

እንግዲህ የጋሮድ ስሕተት ከወዴት መጣ? ማዕድኑና ቫይታሚኑ በአንድ ድንች ውስጥ አብረው ስለሚገኙ፥ ድንቹ ሲጠፋ ሁለቱም አብረው ጠፉ። እርሱ ግን በዘመኑ ኬሚስትሪ ሊመዘን የሚችለውን ብቻ መዘነ። ድንች ቢቃጠል ፖታሲየሙ በአመዱ ውስጥ ይቀራል፤ ቫይታሚኑ ግን ከእሳቱ አይተርፍም። አመዱን የመረመረ ሰው የበሽታውን መድኃኒት ሊያገኝ አይችልም ነበር።

ይህ ነገር ያለፈ ታሪክ ብቻ አይደለም። በ2000 በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት፥ ከ1988 እስከ 1994 ከተደረገው የሕዝብ ጤና ምርመራ ተነሥቶ፥ ካልሲየም በጥቂቱ የሚመገቡ ሰዎች የድድ በሽታ በርትቶባቸው መገኘቱን አሳየ። ካልሲየም ለመንጋጋ አጥንት ማስፈለጉ የታወቀ ነው። ነገር ግን ምግቡም ድዱም የታዩት በአንድ ጊዜ ስለ ሆነ፥ የትኛው የትኛውን እንዳመጣ ከዚያ ብቻ መፍረድ አይቻልም። ወተት የሚጠጣ ሰው ከካልሲየሙ ጋር ሌላም ብዙ ነገር ይጠጣል። ደግሞም በ1965 በዴንማርክ ሎ እና ባልደረቦቹ 12 ጤነኞች ጥርሳቸውን ማጽዳት እንዲተዉ ባደረጉ ጊዜ፥ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ታመመ፤ ማጽዳት ሲጀምሩም ዳነ። የተለመደው የድድ ሕመም በመጀመሪያ የሚመጣው በጥርስ ላይ ከሚጋገረው የባክቴሪያ እድፍ መሆኑን ይህ አስረድቷል።

ስለዚህ ሁለት ነገሮች አብረው ስለ ታዩ አንደኛው የሌላው ምክንያት ነው ከማለታችን በፊት፥ ጋሮድን ልናስታውስ ይገባናል። የተመዘነው ማዕድን ለብቻው ተሰጥቶ በሽተኛውን ማዳኑ እስኪረጋገጥ ድረስ፥ ግምት እንጂ ማስረጃ አይባልም።