የራስ ቅል ነርቮች ከሰባት ወደ ዐሥራ ሁለት እንዴት ደረሱ?

የጤና ትምህርት የተከታተለ ባለሙያ ሁሉ ከአንጎል የሚነሡትን የዐሥራ ሁለቱን ጥንድ ነርቮች ስም በቅደም ተከተል በቃሉ አጥንቷል። ይህ ቁጥር ግን የጸናው አንድ ሺህ ስድስት መቶ ዓመታት ያህል ከፈጀ ምርምር በኋላ ነው።

በሁለተኛው ምዕተ ዓመት የኖረው የጴርጋሞኑ ሐኪም ጋሌን የቆጠረው ሰባት ጥንድ ብቻ ነበር። በዘመኑ የሰውን ሬሳ መክፈት የተለመደ ስላልነበረ የአናቶሚ ዕውቀቱን በአብዛኛው ያገኘው ከእንስሳት ነው። የማሽተትን ነርቭ ከነርቮች አልደመረውም፤ የፊትንና የመስሚያን ነርቮችም እንደ አንድ ጥንድ ይቆጥር ነበር። ሆኖም በሕያው አሳማ ላይ ወደ ማንቁርት የሚሄደውን ነርቭ ሲቆርጥ ጩኸቱ ወዲያው እንደሚቋረጥ በማሳየት ድምፅ ከአንጎል እንደሚታዘዝ አስረድቷል። ቬሳሊየስ እ.ኤ.አ. በ1543 ባሳተመው ታላቅ ሥራው ብዙ የጋሌንን ስሕተቶች ቢያርምም ሰባቱን ቁጥር አልለወጠም።

እንግሊዛዊው ቶማስ ዊሊስ አንጎልን ከራስ ቅሉ አውጥቶ ከሥሩ በኩል ይመረምር ስለነበር ነርቮቹ የሚነሡበትን ስፍራ ከፊት ወደ ኋላ በተራ ለማየት ቻለ። እ.ኤ.አ. በ1664 ባሳተመው መጽሐፍም ዘጠኝ ጥንድ ቆጠረ። ጀርመናዊው ሳሙኤል ቶማስ ዞመሪንግ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1778 በጎቲንገን ባቀረበው የዶክትሬት ጽሑፍ የዊሊስን ሰባተኛ ጥንድ ለሁለት፣ ስምንተኛውን ለሦስት ከፍሎ ዐሥራ ሁለት አደረሳቸው። ዕድሜው ገና 23 ዓመት ነበር።

ይሁን እንጂ ነርቮቹን መቁጠር ተግባራቸውን ማወቅ አልነበረም። በዐሥራ ዘጠነኛው ምዕተ ዓመት መግቢያ ብርቱ የፊት ሕመምን ለማስታገሥ ሲሉ ሰባተኛውን ነርቭ የሚቆርጡ ቀዳጅ ሐኪሞች ነበሩ። ውጤቱም ሕመሙ እንዳለ ቀርቶ የበሽተኛው ፊት ሽባ መሆን ነበር። ቻርልስ ቤል እ.ኤ.አ. በ1821 ለለንደኑ ሮያል ሶሳይቲ ባቀረበው ጥናት የአምስተኛውና የሰባተኛው ነርቭ ተግባር የተለያየ መሆኑን አመለከተ። ኸርበርት ሜዮ በ1822 ባወጣው ጥናት የፊት ቆዳ ስሜት የአምስተኛው፣ የፊት ጡንቻዎች እንቅስቃሴ የሰባተኛው መሆኑን ይበልጥ አጠራው።

ይህ ዕውቀት ዛሬ ያለ አንዳች መሣሪያ በሽተኛው አጠገብ ይሠራል። ፊቱ በአንድ ወገን የተጣመመ በሽተኛ ቅንድቡን ወደ ላይ እንዲያነሣ ይታዘዛል። የግንባር ጡንቻዎች ከሁለቱም የአንጎል ንፍቀ ክበቦች ትእዛዝ ስለሚቀበሉ፣ ግንባሩ ሳይሰንፍ የታችኛው ፊት ብቻ ከሰነፈ ስትሮክ ሊጠረጠር ይገባል። ግንባሩም ጭምር ከሰነፈ ግን ጉዳቱ በአብዛኛው ከነርቩ ላይ ነው። ቤልስ ፖልሲ ከሆነ የስቴሮይድ ሕክምና በ72 ሰዓት ውስጥ ቢጀመር ይጠቅማል፤ የማይከደነውም ዐይን እንዳይደርቅ መጠበቅ አለበት። እንግዲህ የነርቮቹን ስም በቃል መያዝ ጅማሬ ነው፤ በሽተኛን የሚያድነው እያንዳንዱ ነርቭ የሚሠራውን ለይቶ ማወቅ ነው።