ከምግብ ጠረጴዛ ላይ የተነሣ ማተሚያ ቤት

ጥር 30 ቀን 1902 ዓ.ም. (በፈረንጆቹ ፌብሩዋሪ 7 ቀን 1910) የእንግሊዝ ባሕር ኃይል ይመካበት በነበረው «ድሬድኖት» በተባለው የጦር መርከብ ላይ «የአቢሲኒያ መሳፍንት» በክብር ተቀበለ። መኮንኖቹ ሙሉ ልብሳቸውን ለብሰው ተሰለፉ። የሙዚቃ ጓዱ የአቢሲኒያን መዝሙር ኖታ ፈልጎ ስላጣ የዛንዚባርን መታላቸው። እንግዶቹም ቅር አላላቸውም። እንዴት ቅር ይላቸዋል? አንዳቸውም አቢሲኒያን አይተዋት አያውቁማ!

ነገሩ ቀልድ ነበር። ስድስት የለንደን ወጣቶች ናቸው። አራቱ ፊታቸውን ጥቁር ቀለም ተቀብተው፣ የውሸት ጢም ለጥፈው፣ ጥምጣም ጠምጥመው መሳፍንት ሆኑ። አንዱ የውጭ ጉዳይ ሹም፣ ሌላው አስተርጓሚ ሆነ። አስተርጓሚው አማርኛ ከየት ያምጣ? በትምህርት ቤት የሸመደደውን የቨርጂልን የላቲን ግጥም እየቆራረጠና እያጣመመ አነበነበው። ምግብ ሲቀርብላቸው ደግሞ የከንፈራቸው ቀለም እንዳይለቅ ፈርተው ሰበብ ፈጥረው ተዉት። በመርከቡ ላይ የአስተርጓሚውና የአንደኛው «መስፍን» የአክስት ልጅ የሆነ መኮንን ነበር። ዘመዶቹን እፊቱ አቁሞ አላወቃቸውም።

እንግዲህ ያን ጊዜ ከዐድዋ ድል ገና 14 ዓመት መሆኑ ነው። እውነተኞቹ የኢትዮጵያ መልእክተኞች እንግሊዝ አገር የደረሱት ከቀልዱ በኋላ በዓመቱ ነበር። በ1903 ዓ.ም. ደጃዝማች ካሣ ለንጉሥ ጆርጅ አምስተኛ የዘውድ በዓል ሲሄዱ ከተከተሏቸው ሰዎች መካከል ኅሩይ ወልደ ሥላሴ የሚባሉ የመጽሐፍ ሰው ነበሩ። እኚህን ሰው እንያዛቸው፣ ኋላ እንመለስባቸዋለን።

አሁን ወደዚያች ጢም ለጥፋ ወደ መጣችው «መስፍን» እንሂድ። አዎን፣ ሴት ናት። ስሟ ቨርጂኒያ ስቴፈን፣ ዕድሜዋ 28 ነበር። አስተርጓሚ የሆነው ወንድሟ ነው። ከሁለት ዓመት በኋላ ሌናርድ ዉልፍ የሚባል ሰው አግብታ ቨርጂኒያ ዉልፍ ሆነች። ዓለም በልብ ወለዶቿ የሚያውቃት እሷው ናት። እኔ ዛሬ የማወራችሁ ግን ስለ ልብ ወለዶቿ ሳይሆን ከባሏ ጋር ስላቋቋመችው ማተሚያ ቤት ነው። ምክንያቱም እኛ አገር ስለ መጽሐፍ በተነሣ ቁጥር «ገንዘብ የለም፣ ወረቀት ተወደደ፣ አሳታሚ ጠፋ» የሚለውን ዘፈን ስሰማ ትዝ የሚለኝ ይኸው የሁለት ሰዎች ታሪክ ነው።

ቨርጂኒያ ሕመምተኛ ነበረች። ከ1913 እስከ 1915 (ከዚህ በኋላ በአብዛኛው በፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው) የአእምሮ ሕመሟ ክፉኛ ጥሏት ነበር። ባሏ ቀኑን ሙሉ ስትጽፍ ከመዋሏ ፈንታ እጇን የሚያሠራት፣ ሐሳቧን የሚያሳርፍላት ሥራ ፈለገላት። ሁለቱም ኅትመት መማር አማራቸው። የኅትመት ትምህርት ቤት ሄደው ቢጠይቁ ግን «የምናስተምረው የሠራተኛ ማኅበር አባል የሆኑ ተለማማጆችን ብቻ ነው» ተብለው ተመለሱ። መጋቢት ወር 1917 ላይ በለንደን ፋሪንግደን በሚባለው መንገድ ሲያልፉ በአንድ የማተሚያ ዕቃዎች መደብር መስኮት ትንሽ የእጅ ማተሚያ አዩ። ገብተው ጠየቁ፣ ገዙ። ከእርሳስ ፊደሉና ከሌላው ዕቃ ጋር 19 ፓውንድ ከ5 ሽልንግ ከ5 ፔንስ ወጣባቸው። አስተማሪያቸው አብራ የተሰጠቻቸው 16 ገጽ ያላት መመሪያ ነበረች።

ማተሚያውን ሪችመንድ በሚባለው ሠፈር ሆጋርዝ ሀውስ በተባለው መኖሪያቸው፣ ምግብ በሚበሉበት ክፍል ውስጥ አኖሩት። ስሙም ከቤቱ ስም «ሆጋርዝ ፕሬስ» ሆነ። ሌናርድ ከልጅነቱ ጀምሮ እጁ የሚንቀጠቀጥ ሰው ስለነበር ጥቃቅኖቹን የእርሳስ ፊደላት መልቀም አይችልም። ስለዚህ ፊደል ለቃሚዋ ቨርጂኒያ፣ አታሚው ሌናርድ ሆኑ። ፊደል ለቀማ ቀላል ሥራ እንዳይመስላችሁ። እያንዳንዷን ፊደል በጣት አንሥቶ፣ በተገላቢጦሽ ደርድሮ፣ ገጹ ታትሞ ሲያልቅ ደግሞ አፍርሶ እያንዳንዷን ወደ ሣጥኗ መመለስ ነው።

በዚያው ዓመት በሐምሌ የመጀመሪያዋ መጽሐፍ ወጣች። በውስጧ ሁለት አጫጭር ታሪኮች አሉ፣ አንዱ የሚስት አንዱ የባል። የታተመችው በ150 ቅጂ ነው። ልብ በሉልኝ፣ 150 ብቻ! ግን ከማተማቸው በፊት ለወዳጅና ለሚያውቋቸው ሰዎች ደብዳቤ ጽፈው «እንዲህ ያለ ነገር እያተምን ነው፣ ትገዛላችሁ ወይ?» ብለው ጠይቀው ነበር። ሰዉም ገዛ። ወጪያቸውን ችለው ሰባት ፓውንድ ያህል አተረፉ።

የእኔ ጉዳይ ያለው እዚህ ላይ ነው። ሆጋርዝን ያቆመው 19 ፓውንዱ ብቻ አይደለም። ባልና ሚስቱ ቆየት ብለው ደንበኞቻቸውን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኞቹ አስቀድመው ገንዘብ አስቀምጠው የሚታተመውን ሁሉ የሚወስዱ፣ ሁለተኞቹ አዲስ መጽሐፍ ሲወጣ እየተነገራቸው የፈለጉትን የሚመርጡ። የመጀመሪያው ከእኛ ዕቁብ ምን ይለያል? ዕቁብተኛ ዳኛውን አምኖ ገንዘቡን እንደሚያዋጣ ሁሉ እነዚህም የሁለቱን ሰዎች ምርጫ አምነው ገና ላልተጻፈ መጽሐፍ ከፈሉ።

ታዲያ በዚህ እምነት ምን ታተመበት? በ1918 ካትሪን ማንስፊልድ የምትባል የኒውዚላንድ ተወላጅ ደራሲ ረዥም ታሪክ በ300 ቅጂ፣ በ1919 ያን ጊዜ ብዙ ሰው የማያውቀው የቲ. ኤስ. ኤልየት ግጥሞች፣ በ1923 ደግሞ የዚሁ ገጣሚ «ዘ ዌስት ላንድ» የተባለው ግጥም። ይህን የ20ኛውን ክፍለ ዘመን ዝነኛ የእንግሊዝኛ ግጥም ፊደል በፊደል የለቀመችው ቨርጂኒያ ነበረች። የሷ አንዲት አጭር ታሪክ በ1919 ታትማ በጋዜጣ ስትመሰገን ባልና ሚስቱ ከገጠር ሲመለሱ የቤታቸው ወለል በገዢዎች ደብዳቤ ተሸፍኖ አገኙት። ከ1924 ጀምሮ ደግሞ የፍሮይድን ጽሑፎች በእንግሊዝኛ ማሳተም ያዙ።

ሁሉም አልሆነላቸውም። በ1918 የጄምስ ጆይስ «ዩሊሰስ» ረቂቅ ቀርቦላቸው ነበር። በነሱ የእጅ ማተሚያ ዓመታት የሚፈጅ ሥራ ነው። ለትልልቆቹ አታሚዎች ቢያሳዩትም «እንከሰሳለን» ብለው አሻፈረን አሉ። መጽሐፉን በ1922 ፓሪስ ላይ ያወጣችው ሲልቪያ ቢች የምትባል ባለ መጻሕፍት መደብር ናት። ትልቆቹ የፈሩትን አንዲት ሱቅ ያላት ሴት ደፈረችው።

ቨርጂኒያ ራሷ ያተረፈችው ከገንዘብ የሚበልጥ ነገር ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ልብ ወለዶቿን ያሳተመው በእናት የሚገናኛት ወንድሟ ነበር፤ እሱን ላለማስከፋት መጠንቀቅ ነበረባት። ከ1922 ወዲህ ግን ልብ ወለዶቿ በሙሉ በገዛ ቤቷ ወጡ። «ይኼን አውጪ፣ ያንን ቀንሺ» የሚላት አልነበረም። በእንግሊዝ አገር የፈለገችውን የምትጽፍ ሴት እሷ ብቻ እንደሆነች በማስታወሻዋ ላይ እስከ መጻፍ ደርሳለች።

በእኛ አገር ይህ ነገር ሲጠፋ ምን እንደሚሆን ለማወቅ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። በ1975 ዓ.ም. የበዓሉ ግርማ «ኦሮማይ» በመንግሥቱ በኩራዝ አሳታሚ ድርጅት በኩል ወጣ። ወዲያው ከየመሸጫው ተለቀመ። በዓሉም በ1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መጽሐፉን ያቆየው አንባቢው ነው፤ እየገለበጠ፣ እየደበቀ፣ ከእጅ ወደ እጅ እያቀበለ። በሩ አንድ ብቻ የሆነበት ቤት፣ በሩን የያዘው ሰው ሲቆልፈው መውጫ የለውም። ትንንሽ አሳታሚዎች ብዙ ሲሆኑ ጥቅማቸው እዚህ ላይ ነው፦ አንዱ ቢዘጋ ሌላው ይከፍታል።

ወደ መሳፍንቱ ነገር ልመለስ። ሌናርድ ዉልፍ የፖለቲካ ሰው ነበር። በ1920 አውሮፓውያን በአፍሪካ ስላደረጉት የንግድና የግዛት ሽሚያ በጻፈው መጽሐፍ ውስጥ የአቢሲኒያን ጉዳይ በሰፊው ተመልክቶታል። ማተሚያ ቤቱም በ1930ዎቹ በወቅቱ ጉዳዮች ላይ ትንንሽ መጻሕፍት በተከታታይ ያወጣ ነበር። በዚያ ተከታታይ ውስጥ በ1933 የወጣው አንዱ የማን ይመስላችኋል? የቤኒቶ ሙሶሊኒ! የፋሺዝምን አስተሳሰብ ራሱ ባለቤቱ ያብራራበት ጽሑፍ ተተርጉሞ ነው የወጣው። ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1936፣ የዚያ ጽሑፍ ባለቤት በአገራችን ላይ የመርዝ ጋዝ ባዘነበበት ዓመት፣ በዚያው ተከታታይ ውስጥ ሌላ መጽሐፍ ወጣ። ርዕሱ «የመንግሥታት ማኅበርና አቢሲኒያ» የሚል ሲሆን ደራሲው ሌናርድ ዉልፍ ራሱ ነው።

ይህን ሳነብ ሁለት ስሜት ይሰማኛል። አንዱ «ለሙሶሊኒ ቃል ወረቀት ማባከን ምን ይሉታል?» የሚል ቁጣ ነው። ሁለተኛው ግን ይረጋጋል። ጠላት የሚያስበውን በገዛ ቃሉ አንብቦ ማወቅም ከአንባቢ ድርሻ አንዱ ነው። የሌናርድ መጽሐፍ አንድም የጣሊያን አውሮፕላን አላስቆመም፣ መንግሥታቱም ማኅበሩን አላዳኑትም። ቢሆንም ቨርጂኒያ በ1910 ጢም ለጥፋ የቀለደችባት አገር በ1936 ከቤቷ በወጣ መጽሐፍ ሽፋን ላይ በቁም ነገር ተጽፋለች። ቀልደኞቹ ስለ እኛ አንዲት የአማርኛ ቃል አያውቁም ነበር። ሌናርድ ቢያንስ ሰነድ አገላብጦ ጽፏል። አላዋቂነትን የሚፈውሰው ቁጭ ብሎ ማንበብ እንደሆነ ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

አሁን ብላቴን ጌታ ኅሩይን እናንሣ። እሳቸው የእንግሊዝን አገር አይተው ከተመለሱ በኋላ በ1904 ዓ.ም. በኢትዮጵያ የሚገኙትን የግዕዝና የአማርኛ መጻሕፍት ዝርዝር አሳተሙ። አልጋ ወራሽ ተፈሪ መኰንን ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤትን በ1914 ዓ.ም. ሲያቋቁሙ ኅሩይ ደግሞ «ጎሐ ጽባሕ» የሚባለውን የራሳቸውን ማተሚያ ቤት አቆሙ። የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነውም መጻፍና ማሳተማቸውን አልተዉም፤ በ1925 ዓ.ም. «አዲስ ዓለም» የተባለውን ልብ ወለዳቸውን አወጡ። ዘመኑን ብትቆጥሩት ከዉልፎቹ ጋር እኩያ ናቸው ማለት ነው። እነዚያ ሪችመንድ፣ እኚህ አዲስ አበባ፤ ሁለቱም ወገን እየጻፈ፣ እያሳተመ። ልዩነቱ ፍጻሜው ላይ ነው። ኅሩይ በ1936 ማተሚያቸውን ትተው ንጉሠ ነገሥቱን ተከትለው ተሰደዱ፣ በ1938 እዚያው እንግሊዝ አገር ባዝ ከተማ አረፉ። ለእውነተኛው የአቢሲኒያ መልእክተኛ ያቺ አገር የስደት አልጋ ሆነችለት።

ቨርጂኒያም በመጋቢት 1941 በገዛ እጇ ሕይወቷን አጠፋች። ማተሚያ ቤቱ ቀድሞ በ1940 በጀርመን ቦምብ ተጎድቶ ነበር። ሆኖም አልሞተም። በ1946 ከሌላ አሳታሚ ጋር እስኪቀላቀል ድረስ፣ 150 ቅጂ ብሎ የጀመረው ቤት ከ500 በላይ ርዕሶችን አውጥቷል።

እኛስ? እኛ ዘንድ ደራሲው ጸሐፊም፣ አሳታሚም፣ ተሸካሚም፣ አከፋፋይም ነው። ተበድሮ ያሳትማል። የመጽሐፍ ምረቃ ይደግሳል። አዳራሹ ይሞላል፣ ንግግር ይደረጋል፣ ግጥም ይነበባል፣ ጭብጨባው ይቀልጣል። ጓደኞቹ እየተቃቀፉ አንዳንድ ቅጂ አስፈርመው ይሄዳሉ። ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቃላችሁ፦ አከፋፋዩ ድርሻውን ይቆርጣል፣ አዟሪው የራሱን ይይዛል፣ የቀረው ካርቶን አልጋ ሥር ይገባል። ደራሲው ዕዳውን ከፍሎ ሳይጨርስ ሁለተኛ መጽሐፍ የመጻፍ ወኔው ይሞታል። ድፍረቱን አደንቃለሁ። የማላየው ግን ዉልፎቹ የሠሩትን ሌላውን ግማሽ ነው፤ የራስን ብቻ ሳይሆን የሌላውን ረቂቅ አንብቦ፣ አርሞ፣ «ይህ መታተም አለበት» ብሎ በገንዘብና በስም መቆምን።

የጎደለው ብር ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምረቃው አዳራሽና መስተንግዶ የሚወጣው ይበቃ ነበር እላለሁ። የጎደለው ዕቁቡ ነው። እስቲ አስቡት፣ መቶ ሃምሳ አንባቢዎች ምርጫቸውን የሚያምኗቸውን ሁለት ሦስት ሰዎች ይዘው በየወሩ ጥቂት ቢያዋጡ፣ በዓመት አንድ ሁለት ጥሩ መጽሐፍ ዕዳ ሳይኖርበት ይወጣል። ዕቁብ ለሠርግ፣ ለመኪና፣ ለቤት ዕቃ ስንጥል የኖርን ሰዎች ነን። ዳኛውም፣ ጸሐፊውም፣ ዋሱም አልጠፉም። ለመጽሐፍ አንድ ጊዜ ብንጥል ምን ይለናል?

የመጀመሪያውን ዕጣ ደግሞ ዕዳ ላይ ላለው ደራሲ እንስጠው።