«ታርቀናል እኮ!» የደም ጉዳይ ከቤተሰብ እጅ ወደ ፍርድ ቤት እንዴት ተሻገረ?



ጂንካም ሆነ በዙሪያዋ ባሉ ከተሞች «ነገሩ በሽማግሌ አልቋል» ሲባል ያልሰማ ወጣት የለም። ሰው ተገድሎ፣ አልፎም ሴት ልጅ ተደፍራ ይባላል። ከወራት በኋላ ዐቃቤ ሕግ ክስ ሲመሠርት ደግሞ ሁለቱም ወገን ግራ ይጋባል፤ «ታርቀናል እኮ፣ ፍርድ ቤት ምን አገባው?» ጥያቄው ረጅም ታሪክ አለው።

በቀድሞው የሀገራችን ፍርድ የነፍስ ጉዳይ በአመዛኙ የሟች ቤተሰብ ጉዳይ ነበር። ዳኛው ገዳዩን ጥፋተኛ ካለ በኋላ ለሟች ዘመዶች ይሰጠው ነበር፤ ወይ የደም ካሳ ተቀብለው ይምሩታል፣ ወይ ደማቸውን ይመልሳሉ። በደቡብ ኦሞ አርብቶ አደሮች ዘንድም ሽማግሌ ተቀምጦ ካሳው በከብት ይቆረጥ ነበር፤ ዛሬም ይቆረጣል። ዓላማው ደም ደምን እንዳይጠራ ማድረግ ነው። ይህን የሚንቅ ሰው ደም መመላለስ ምን እንደሆነ አላየም።

ሐሳቡ ለእኛም እንግዳ አይደለም። በሸሪዐ የሟች ወሊይ ቂሷስን መጠየቅ፣ ዲያን መቀበል ወይም ይቅር ማለት ይችላል። የዲያው መነሻ ልክ 100 ግመል ነው። ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ይህ ምርጫ የተሰጠው በነፍስና በአካል ጉዳት ነው። መድፈር ግን ሌላ ነው። ኢማሙ ማሊክ በሙወጧእ እንዳሰፈሩት ደፋሪው የመህሯን ያህል ይከፍላል፤ ከዚያ በላይ ቅጣቱ በእሱ ላይ ይጸናል፣ በእሷ ላይ አንዳች ቅጣት የለም። ክፍያው ቅጣቱን አያስቀርም ማለት ነው።

የሀገራችን ሕግ ግን ለረጅም ጊዜ በዚህ በኩል ቀዳዳ ነበረው። በስዊዘርላንዳዊው የሕግ ምሁር ዣን ግራቨን የተረቀቀው የ1949 ዓ.ም. የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ መቅጣትን የመንግሥት ሥራ አደረገ። ሆኖም ጠላፊ ወይም ደፋሪ ተበዳይዋን ካገባት ክሱ እንዲቀር ፈቀደ፤ ከተፈረደበት በኋላም ቢሆን ቅጣቱ ይቆም ነበር። በወረቀቱ ላይ ጋብቻው በፈቃዷ መሆን አለበት። ከጠለፋት ሰው ቤት ያለች የ14 ዓመት ልጅ ግን ምን ፈቃድ አላት?

በ1989 ዓ.ም. በአርሲ አንዲት የ14 ዓመት ተማሪ ተጠልፋ ተደፈረች፤ ስታመልጥ የደረሰባትን ጠላፊ ተኩሳ ገደለችው። በነፍስ ግድያ ተከሰሰች፤ የኢትዮጵያ ሴት የሕግ ባለሙያዎች ማኅበር ቆመላት፤ ፍርድ ቤቱም ራሷን ስለተከላከለች በነፃ አሰናበታት። ሀገር ያነጋገረው ይህ ጉዳይ ካለፈ ከጥቂት ዓመታት በኋላ፣ በግንቦት 1997 ዓ.ም. ሥራ ላይ የዋለው አዲሱ የወንጀል ሕግ ቀዳዳውን ዘጋው። አንቀጽ 587 ከጠለፋ በኋላ የሚደረግ ጋብቻ ጠላፊውን ከተጠያቂነት አያድነውም ይላል። እንደ እኔ ከሕጉ ለውጦች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው።

ዛሬ ዳኛው ቅጣትን የሚወስነው እንዴት ነው? መጀመሪያ አንቀጹን ያያል። ተራ የሰው ግድያ በአንቀጽ 540 ከ5 እስከ 20 ዓመት ጽኑ እስራት፤ ከባድ ግድያ በአንቀጽ 539 ዕድሜ ልክ ወይም ሞት። አስገድዶ መድፈር በአንቀጽ 620 ከ5 እስከ 15 ዓመት ነው፤ ተጎጂዋ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች በአንቀጽ 627 ከ13 እስከ 25 ዓመት ይደርሳል። ከ5 እስከ 20 ሲባል ሜዳው ሰፊ ነው፤ አንዱ ዳኛ 6፣ ሌላው 16 ሊፈርድ ይችላል። ስለዚህ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ2002 ዓ.ም. የቅጣት አወሳሰን መመሪያ አወጣ፤ በ2006 ዓ.ም. አሻሻለው። ዳኛው የወንጀሉን ክብደት መዝኖ መነሻ ቅጣት ይይዛል፤ ማክበጃ ምክንያት ካለ በእርከን ይወጣል፤ ማቅለያ ካለ ይወርዳል።

ታዲያ ዕርቁስ? አንቀጽ 82 ከማቅለያዎቹ መካከል ከልብ መጸጸትን፣ እጅ መስጠትንና የተቻለውን ያህል ጉዳትን መካስን ይቆጥራል። ስለዚህ ሽማግሌ ፊት የተነዳው ከብት በፍርድ ቤትም ዋጋ አለው፤ ቅጣቱን ዝቅ ያደርጋል፣ አያጠፋውም። የሸሪዐ ፍርድ ቤቶቻችንም ከ1936 ዓ.ም. አዋጅ ጀምሮ ሥልጣናቸው ኒካሕ፣ ውርስ፣ ወቅፍና መሰል ጉዳዮች ናቸው፤ «ቃዲው ዘንድ ጨርሰናል» ብሎ የመድፈር ክስ ማስቆም አይቻልም። ሁለቱ አባቶች በተጨባበጡበት ቀን ልጅቷ ምን እንዳለች የጠየቃት ሰው ካለ፣ ብዙውን ጊዜ በኋላ የምስክርነት ቃሏን የተቀበለው ችሎት ነው።